አዛዡ ሲዛወር ሰፈሩ ምን ይቀረዋል?

የአንባብያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ በአራዳ ክፍለ ከተማ፣ ከራስ መኮንን ድልድይ ብዙም በማይርቅ ሰፈር የዕድር ጸሐፊ ሆኜ አገለግላለሁ። የአካባቢያችን ፖሊስ ጣቢያ ኃላፊ የነበሩት ኮማንደር ሰሞኑን ወደ ሌላ ክፍለ ከተማ ተዛውረዋል። እሳቸው ሲመጡ በሰፈራችን ከመሸ በኋላ ስልኩን በእጁ ይዞ የሚሄድ ሰው አልነበረም፤ የተነጠቀውም ጣቢያ ሄጄ ከምንገላታ ይቅርብኝ ብሎ ዝም ይል ነበር። ኮማንደሩ ግን ቢሯቸው ተቀምጠው አልጠበቁንም። በዕድራችን ወርኃዊ ስብሰባ እየተገኙ ከኋላ ወንበር ይቀመጣሉ፤ የመዋጮውና የቅጣቱ ጉዳይ እስኪያልቅ ታግሠው በመጨረሻ ‹‹እኔን የሚመለከት ነገር አለ?›› ብለው ይጠይቃሉ። ሊስትሮዎችንና መኪና አጣቢዎችን በየስማቸው ነው የሚጠሩት። አቤት ለማለት የሄደ ሰው ጉዳዩ ሳይመዘገብ እንዳይመለስም አዝዘው ነበር። አሁን አባሎቻችን ሁለት ሐሳብ አቅርበዋል፤ ገሚሱ ፊርማ አሰባስበን ይመለሱልን እንበል ሲል፣ ገሚሱ ደግሞ ገንዘብ አዋጥተን ወርቅ ገዝተን እንሸኛቸው ይላል። በዚያ ላይ በመልሶ ማልማቱ ምክንያት ብዙ አባሎቻችን ወደ ሌላ አካባቢ ስለ ሄዱ ዕድሩ ራሱ እንደ ድሮው አይደለም። ምን ይመክሩናል?

መልስ፦ አስቀድመን የወርቁን ነገር እንጨርሰው፤ አይግዙ። በ2007 ዓ.ም. የወጣው የሙስና ወንጀሎች አዋጅ ቁጥር 881 ከሥራው ጋር በተያያዘ የማይገባ ጥቅም የሚቀበለውን የመንግሥት ሠራተኛ ብቻ ሳይሆን ሰጪውንም የሚመለከት ሕግ ነው። እናንተ ያሰባችሁት ምስጋና እንጂ ጉቦ እንዳልሆነ ይገባኛል። ነገር ግን ነገ ከአባሎቻችሁ የአንዱ ልጅ ኮማንደሩ በተዛወሩበት ጣቢያ ተይዞ በማግሥቱ ቢለቀቅ፣ ልጁ ንጹሕ ሆኖ የተለቀቀ ቢሆን እንኳ ወርቁ ሌላ ስም ያገኛል፤ ያን ጊዜ ስማቸውን ያጠፋችሁት ወዳጆቻቸው እናንተ ትሆናላችሁ። ይልቁንስ በዕድሩ ማኅተም የተደገፈ የምስጋና ደብዳቤ ለክፍለ ከተማው ፖሊስ መምሪያ ጽፋችሁ፣ ግልባጩን ለአዲስ አበባ ፖሊስ ኮሚሽን በማድረግ ከግል ማኅደራቸው ጋር እንዲያያዝ ጠይቁ። በደብዳቤው ላይ ‹‹ታታሪና ቅን ናቸው›› ከማለት ይልቅ ያደረጉትን ነገር በዝርዝር ብታሰፍሩ ይሻላል፤ በቅጽል የተሞላ ደብዳቤ ማኅደር ከማወፈር ያለፈ ጥቅም የለውም።

ወደ ፊርማው ስንመጣ፣ ይህንንም ባታደርጉት እመርጣለሁ። ዝውውር በፖሊስ ሥራ ቅጣት አይደለም። አንድ የጣቢያ ኃላፊ በአንድ ሰፈር ረጅም ጊዜ ሲቀመጥ ወዳጅ ያፈራል፣ ክርስትና ያነሣል፣ ሰርግ ይጠራል፣ የምግብ ቤቱ ባለቤት ሒሳብ አልቀበልህም ይለዋል፤ ከእነዚህ መካከል ብቻውን ሲታይ ወንጀል የሚሆን ነገር ላይኖር ይችላል፤ ሲጠራቀሙ ግን ኃላፊው ደፍሮ የማይጠራው ሰው በሰፈሩ ውስጥ ይፈጠራል። ስለዚህ ኃላፊዎችን ማዘዋወሩ ምክንያት አለው። ከዚህም በላይ ፊርማችሁ የሚጎዳው አዲስ የመጡትን ኃላፊ ነው፤ ሥራቸውን ሳይጀምሩ ሰፈሩ እንደማይፈልጋቸው የሚገልጽ ወረቀት አለቆቻቸው ጠረጴዛ ላይ ደርሶ ይጠብቃቸዋል፤ ሰው ሆኖ ይህን የማይቀየም የለም።

ዋናው ቁም ነገር እዚህ ላይ ነው። ደብዳቤዎን ደግመው ቢያነቡት ስለ ኮማንደሩ የጻፉት አንድም የጀግንነት ታሪክ የለበትም፤ ሌባ አሯሩጠው ያዙ፣ ተኩስ ውስጥ ገቡ አላሉም። ያመሰገኑላቸው ሁሉ የአሠራር ነገር ነው፤ አሠራር ደግሞ ከሰው ጋር እንዳይሄድ ተደርጎ ሊያዝ ይችላል። ችግሩ በእኛ አገር እንዲህ ያለው ነገር በኃላፊው ጭንቅላትና በግል ስልካቸው ውስጥ መቅረቱ ነው። የዕድሩ ሰብሳቢ፣ የደብሩ አስተዳዳሪ፣ የመስጊዱ ኮሚቴ፣ የታክሲ ተራ አስከባሪው፣ የሌሊት ጥበቃው ሁሉ ስልክ ቁጥራቸው ያለው ኮማንደሩ ጋ ነው፤ እሳቸው በሄዱ ማግሥት ጣቢያው ሰፈሩን እንደ አዲስ መተዋወቅ ይጀምራል። በ1990ዎቹ ተጀምሮ ዛሬ በየወረዳው የሚነገርለት የማኅበረሰብ አቀፍ ፖሊስ አገልግሎት በወረቀት ላይ አማካሪ ምክር ቤት አለው፣ ቀጠና አለው፣ ለየቀጠናው የተመደበ ኦፊሰር አለው፤ በተግባር ግን ሥራው ሁሉ በአንድ ሰው ጥሩነት ላይ ሲንጠለጠል ደጋግመን አይተናል።

ስለ አቤቱታ ምዝገባው የጻፉት ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ነዋሪ ብዙም ልብ የማይለው፣ ለእኔ ግን ከሁሉም የሚበልጠው ሥራቸው እሱ ነው። ስልኳን የተነጠቀች ልጅ ጣቢያ ስትገባ ሁለት ዓይነት አቀባበል ሊያጋጥማት ይችላል። አንደኛው ተረኛው ቀና ሳይል ‹‹ሲምሽን አዘጊና ሌላ አውጪ፣ ሌባው የት ይገኛል ብለሽ ነው?›› ብሎ የሚመልሳት ነው። ሁለተኛው ወንበር ሰጥቶ የት ቦታ፣ በስንት ሰዓት፣ በእግር ነው በሞተር፣ ስንት ሆነው የሚለውን ጠይቆ የሚጽፈው፣ ቃሏንም አንብቦላት የሚያስፈርማት ነው። ስልኩ በሁለቱም መንገድ ላይገኝ ይችላል። ሆኖም በመጀመሪያው ጣቢያ ንጥቂያው መዝገብ ላይ ስለሌለ ኃላፊው የሌሊት ፓትሮል ሲመድቡ የሚያዩት ባዶ ገጽ ነው፤ በሁለተኛው ጣቢያ ግን የንጥቂያው ቦታና ሰዓት እየተደጋገመ ሲመጣ ሁለት ፖሊስ የት መቆም እንዳለበት መዝገቡ ራሱ ይናገራል። እናንተ ከድልድዩ በታች ሰላም ያገኛችሁት በዚህ መንገድ ይመስለኛል።

ነገሩ ግን ለኃላፊው ዋጋ ያስከፍላል። አቤቱታው ሁሉ ሲመዘገብ በወረቀት ላይ ወንጀል የጨመረ ይመስላል፤ የጥሩ አዛዥ የመጀመሪያዎቹ ወራት ሪፖርት ከሰነፉ አዛዥ ሪፖርት የከፋ ሆኖ የሚታይበት ምክንያት ይኸው ነው። በግምገማ ላይ ‹‹በአንተ ጊዜ ንጥቂያ ለምን ጨመረ?›› የሚለውን ጥያቄ ተቀብሎ ‹‹አልጨመረም፤ መጻፍ ጀመርን›› ብሎ የሚመልስ ኃላፊ በእኔ ሚዛን መሪ ይባላል። በዕድር ስብሰባ ላይ ከኋላ መቀመጥ የሚወደድ ትሕትና ነው፤ ይህኛው ግን ድፍረት ይጠይቃል።

ስለ ተበተነው ዕድራችሁም አንድ ነገር ልበል። በ2016 ዓ.ም. በፒያሳና በዶሮ ማነቂያ አካባቢ በተካሄደው የኮሪደር ልማትና መልሶ ማልማት ምክንያት ነዋሪው ከቦታው ሲነሣ፣ ፖሊስ ይተማመንበት የነበረው የሰፈር መረብም አብሮ ተነሥቷል። በየበሩ የምትቀመጠው እናት፣ ማን የማን ልጅ እንደሆነ የሚያውቀው ባለ ሱቅ፣ የዕድሩ ዳኛ ዛሬ ሌላ ቦታ ናቸው። በምትኩ የዓድዋ ድል መታሰቢያን ሊያይ የሚመጣ እንግዳ፣ በሰፊው የእግረኛ መንገድ ላይ እስከ እኩለ ሌሊት የሚንሸራሸር ወጣት፣ ጠዋት መጥቶ ማታ የሚሄድ የሱቅ ሠራተኛ መጥቷል። በእንዲህ ያለ ሰፈር ሌሊት ላይ ነዋሪ ማለት የየሕንፃው ጥበቃ ነው። እናንተም ከቀሪዎቹ አባላት ጋር ስትሰበሰቡ የአካባቢውን ጥበቃዎች፣ የፓርኪንግ ልጆችንና የሱቅ ባለቤቶችን ብትጠሩ፣ አዲሱን ኃላፊም በዚያው ላይ ብትጋብዙ መልካም ነው።

እንግዲህ ፊርማ ለማሰባሰብ ያሰባችሁትን ጉልበት ለዚህ አውሉት። እርስዎ የዕድር ጸሐፊ እንደመሆንዎ ቃለ ጉባኤ መያዝ ያውቃሉ። የቀድሞው ኮማንደር ያደርጉት የነበረውን ሁሉ፣ የትኛው ቅዳሜ ወይም እሑድ ይመጡ እንደነበር፣ አቤቱታ እንዴት ይመዘገብ እንደነበር፣ በየትኛው ማዕዘን በስንት ሰዓት ፖሊስ ይቆም እንደነበር በአንድ ገጽ ጽፋችሁ አጽድቁት፤ ለአዲሱ ኃላፊ በወግ አስረክባችሁ ‹‹ይህ የሰፈራችንና የጣቢያው ልማድ ነው፤ እንዲቀጥል እንፈልጋለን›› በሏቸው። አሁን ሰው ለማመስገን ብላችሁ ሳይሆን የራሳችሁን ልማድ ለማስጠበቅ ስለምትሄዱ አቀባበላቸው የተለየ ይሆናል።

ጥያቄ፦ ፖሊስ የማኅበረሰብ መሪ ነው የሚለው አነጋገር ለእኔ አይዋጥልኝም። ያደግሁት ጊዮርጊስ አካባቢ፣ ማዕከላዊ በተባለው የወንጀል ምርመራ እስር ቤት አጠገብ ነው። ለእኛ ለአራዳ ልጆች ፖሊስ ማለት መንገድ ቀይረህ የምታልፈው ሰው ነበር። ማሰር የሚችል ሰው እንዴት መሪ ይባላል?

መልስ፦ ጥርጣሬዎ መሠረት አለው፤ በዚያ ግቢ አጠገብ ላደገ ሰው ‹‹እመኑን›› የሚል ስብከት አላቀርብም። ማዕከላዊ በ2010 ዓ.ም. ተዘግቷል፤ በውስጡ ይፈጸም የነበረውን ሥቃይ ግን የሰፈሩ ሰው ቀድሞ ያውቀው ነበር። ከተማችን ዘመናዊ ፖሊስ ከማግኘቷ በፊት በአራዳ ዘበኛ ትጠበቅ እንደነበርና መደበኛው የፖሊስ ሠራዊት ከነፃነት መመለስ በኋላ በ1934 ዓ.ም. በአዋጅ እንደ ተቋቋመ ያስታውሱ ይሆናል። በዚህ ሁሉ ዘመን ፖሊስ በዋነኛነት የሚጠየቀው ለሾመው አካል ነበር፤ ለሰፈሩ መልስ መስጠት ዘግይቶ የመጣ ሐሳብ ነው።

ቢሆንም ‹‹መለዮ ለባሽ በሕዝብ ዘንድ መሪ ሊሆን አይችልም›› የሚለውን ታሪክ አይደግፈውም። ብርጋዴር ጄኔራል ታደሰ ብሩን ይውሰዱ። የፖሊስ ምክትል ኮሚሽነርና የፈጥኖ ደራሽ ኃይል አዛዥ ነበሩ፤ ኔልሰን ማንዴላ በ1954 ዓ.ም. ኮልፌ መጥተው ወታደራዊ ሥልጠና ሲወስዱ ካስተማሯቸው አንዱ እሳቸው ናቸው። ሕዝቡ የተከተላቸው ግን በማዕረጋቸው ብቻ አይደለም፤ በመሠረተ ትምህርት ዘመቻውና በኋላም በሜጫና ቱለማ መረዳጃ ማኅበር ውስጥ ትምህርት ቤትና መንገድ እንዲሠራ በማስተባበራቸው ነው። ይህም ለእስራት አበቃቸው፤ በ1967 ዓ.ም. ደግሞ ደርግ ገደላቸው። ታሪካቸውን ሰው ሁሉ በየፖለቲካው ያነብበዋል፤ እኔ ያነሣሁት ለአንድ ነገር ብቻ ነው። ጠመንጃ ያስፈራል እንጂ ተከታይ አያፈራም፤ ተከታይ የሚያፈራው ሌላ ነገር ነው።

ለዛሬው የጣቢያ ኃላፊ ግን ተከታይ ማፍራትን አልመክርም። ሥልጣናቸው ከሕግ የመጣ ስለሆነ መሪነታቸውም እዚያው ውስጥ ቢታይ ይበቃል። እርስዎ የሰፈርዎን ኃላፊ ለመመዘን ከፈለጉ ንግግራቸውን ተዉና የተያዘ ሰው ምን እንደሚገጥመው ይጠይቁ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 19 የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ እንዳለበት፣ በአንቀጽ 21 ደግሞ በጥበቃ ሥር ያለ ሰው በትዳር ጓደኛው፣ በዘመዶቹ፣ በሃይማኖት አማካሪውና በሕግ አማካሪው የመጎብኘት መብት እንዳለው ይደነግጋል። ምሳ ይዛ የመጣች እናት በር ላይ ስንት ሰዓት ትቆማለች? ልጇ እዚያ መኖሩ በትክክል ይነገራታል? የመለያ ልብሱ ስንት ኮከብ እንዳለው ሳይሆን ይህ ነው የጣቢያውን ኃላፊ የሚያሳየው። ማሰር የሚችል ሰው መሪ የሚባለው ያሰረውን ሰው በሕጉ ልክ ሲይዝ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ይህንን ያላሟላ ኃላፊ የሰፈሩን ኳስ ቡድን ማልያ ቢያለብስም አልቆጥርለትም።

ጥያቄ፦ የአራት ኪሎ ልጅ ነኝ፤ የመጀመሪያ ዲግሪዬን ዘንድሮ ጨርሻለሁ። ፖሊስ ሆኜ አንድ ቀን ጣቢያ መምራት እፈልጋለሁ። እናቴ ‹‹ስንት ሥራ እያለ!›› ትላለች። መንገዱ ምን ይመስላል?

መልስ፦ መንገዱ ረጅም ነው፤ እሱን ደብቆ ማበረታታት አይገባም። ፖሊስ የሚሆን ሰው ኮሚሽኑ በሚያወጣው የምልመላ ማስታወቂያ ተመዝግቦ፣ መሠረታዊ ሥልጠና ወስዶ ይጀምራል፤ የመኮንንነትና የሙያ ትምህርት ደግሞ ሰንዳፋ በሚገኘው የኢትዮጵያ ፖሊስ ዩኒቨርሲቲ ይሰጣል። ማዕረጉ ከኮንስታብል ተነሥቶ በሳጅን ደረጃዎች ያልፍና ወደ ረዳት፣ ምክትልና ዋና ኢንስፔክተር ይዘልቃል፤ ከዚያ በላይ ምክትል ኮማንደር፣ ኮማንደር፣ ቀጥሎም የኮሚሽነርነት እርከኖች አሉ። የጣቢያ ኃላፊዎችን አብዛኛውን ጊዜ የምናየው በዋና ኢንስፔክተርነትና በኮማንደርነት መካከል ነው። በፊተኛው ዘመን ማዕረጉ ሻምበልና ሻለቃ ስለነበረ አዛውንቶች እስከ ዛሬ ‹‹ሻምበል›› ብለው ቢጠሩሽ አትቀየሚ።

ጣቢያ ለመምራት የምታስቢ ከሆነ ከወንጀል መከላከልና ከወንጀል ምርመራ በአንዱ ብቻ እንዳታረጂ እመክርሻለሁ። በመከላከል ብቻ የሠራ ኃላፊ መዝገብ ሲቀርብለት መርማሪው የነገረውን ሁሉ ያምናል፤ በምርመራ ብቻ ያደገ ደግሞ ሰፈሩን የሚያውቀው በተጠርጣሪ ዓይን ነው።

እናትሽን ያስጨነቃት ነገር ምናልባት በዓሉ ይሆናል። ሌላው ሰው በዓል ሲያከብር አንቺ ሥራ ላይ ነሽ። ለማኅበረሰብ መሪነትም ከዚህ የተሻለ ትምህርት ቤት አላውቅም። ጥር 10 ቀን ከተራ ዕለት ታቦታቱ ከየደብራቸው ወጥተው ወደ ጃን ሜዳ ሲያመሩ ምንጣፍ የሚያነጥፉትን፣ ገመድ ይዘው መንገድ የሚከፍቱትን ወጣቶች ተመልክተሻቸው ይሆናል። ምእመኑ በመቶ ሺዎች ሆኖ ሲተምም ሰልፉን የሚይዘው የፖሊሱ ቁጥር ብቻ አይደለም፤ እነዚያ ልጆች ናቸው። ልምድ ያለው ኃላፊ ቀናት ቀደም ብሎ የሰንበት ትምህርት ቤቶቹን አስተባባሪዎች ጠርቶ ታቦቱ የት እንደሚያርፍ፣ አምቡላንስ በየት እንደሚገባ፣ የጠፋ ሕፃን የት እንደሚቀመጥ ይነጋገራል። በዕለቱ ግፊያ ሲፈጠር ኃላፊው የሚጮኸው ሕዝቡ ላይ አይደለም፤ ገመድ የያዘውን ልጅ በስሙ ጠርቶ ‹‹ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ›› ይለዋል፤ ልጁ የሚታዘዘው ስሙ ስለ ታወቀ ነው። መስከረም 16 ቀን በመስቀል አደባባይ ደመራ ሲለኮስም፣ ሙስሊሙ ለዒድ ሶላት ወደ ስታዲየም ሲወጣም ሥራው ያው ነው። ለእናትሽ እንዲህ ብለሽ ንገሪያት፤ ‹‹በዓል አልቀርም፤ ግን ቆሜ ነው የማከብረው።›› ትስቅ ይሆናል እንጂ መስማማቷን አላረጋግጥልሽም።

ጥያቄ፦ ጎረቤቴ ደብድቦኝ ጣቴ ተሰብሯል። ጣቢያ ስሄድ ኃላፊው ‹‹ጎረቤታሞች ናችሁ፤ በሽማግሌ ጨርሱት፣ እኔ ራሴ አስታርቃችኋለሁ›› አሉኝ። ሰውየው ክፉ አይመስሉኝም፤ ግን መብታቸው ነው?

መልስ፦ ክፉ አይደሉም ይሆናል፤ መብታቸው ግን አይደለም። እንደ ስድብ ያሉ በግል አቤቱታ ብቻ የሚያስቀጡ ወንጀሎች አሉ፤ በእነዚህ ላይ ተበዳዩ ወድዶ ቢታረቅ ነገሩ ሊቆም ይችላል፤ ውሳኔው ግን የተበዳዩ ነው። የእርስዎ ጉዳት ቀላል ይሁን ከባድ የሚለየው በሐኪም ማስረጃና በዐቃቤ ሕግ እንጂ በጣቢያው ኃላፊ ግምት አይደለም። ከ1954 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ጀምሮ አሠራሩ አቤቱታ ተቀባዩ ቃልዎን በጽሑፍ እንዲያሰፍር፣ እንዲያነብልዎትና ቀን ጽፈው እንዲፈርሙበት ነው። ዕርቅ ከዚህ በኋላ ሊመጣ ይችላል፤ ከዚህ በፊት ሲመጣ ግን የሚጎዳው አቅም የሌለው ወገን ነው፤ በተለይ ሴት ልጅ ስትደፈር ወይም ስትጠለፍ ‹‹በሽማግሌ›› የሚል ኃላፊ ወንጀሉን እየሸፈነ እንጂ እያስታረቀ አይደለም።

ስለዚህ ከሕክምና ተቋሙ ማኅተም ያለው የሕክምና ማስረጃ ያውጡ፤ ወደ ጣቢያው ተመልሰው ቃልዎ እንዲመዘገብ በትሕትና፣ ግን ሳይለሳለሱ ይጠይቁ። እምቢ ከተባሉ አቤቱታዎን በጽሑፍ ለክፍለ ከተማው ፖሊስ መምሪያ ያቅርቡ፤ በቀጥታ ወደ ዐቃቤ ሕግ መሄድም ይችላሉ። በአስተዳደር በደል ለሚመጣ ቅሬታ ደግሞ የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም በሩ ክፍት ነው። ጎረቤትዎ እንደገና ቢዝትብዎ ወይም እጁን ቢያነሣ ግን ወረቀት አይጠብቁ፤ በ991 ነፃ መስመር ወዲያውኑ ይደውሉ።